መስመር የማይዘለው አያ ይመር

አያ ይመር ማረፉን የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ከከሚሴ ገበያ ስመለስ በመስታወቱ አየኝና፣ «እማማ፣ ያ እየተንጎራደደ የሚያነብልዎት ልብስ ሰፊ አረፈ እኮ። ቀብሩ ከዙሁር ሰላት በኋላ ነው» አለኝ። አውርደኝ አልኩት። ለምን እንደ ወረድኩ አላውቅም፤ የአያ ይመር ቤት ገና ሩቅ ነበር። ጥቂት በእግሬ ሄድኩና ሌላ ባጃጅ አስቆምኩ።

ለቅሶው ቤት ተቀምጬ መዋል አልቻልኩም። ባለቤቱ ዘሃራ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ፣ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ እጄን ያዘችና፣ «የሱ አመል ተጋባብሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አያ ይመር ቁጭ የሚለው ልብስ ሲሰፋ ብቻ ነበር። ሲያነብ ይንጎራደዳል፣ ሲከራከር ይንጎራደዳል፣ ሰው ሲያዳምጥ እንኳ አንድ እግሩ መንገድ የጀመረ ይመስላል።

ሁለት ነገር አይነካበትም ነበር፤ ጾሙና ንባቡ። ጾም አይሽርም፣ መስመር አይዘልም። ኋላ እነዚህ ሁለቱ ተጣሉበት። የተጣሉትም ዓይኑ ላይ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት ቢሮ፣ ታይፕ ስመታ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ሸፈነው። ሰው ሲመጣ ሰው መሆኑን አያለሁ፤ ማን መሆኑን የማውቀው ሲናገር ነው። ፊደል ግን ፈጽሞ ጠፋብኝ። ልጄ ደብረ ብርሃን ይሠራል፤ በቴሌግራም ጽሑፍ ይልክልኛል። ሐኪምም ዲያቆንም የሆነ አንድ ሰው የሚያዘጋጀው ነው፤ ስለ ክርስትና እምነት፣ በቅርቡ ስለ ወጣ ሳይንስ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቴክኖሎጂ። ልጄ የማነበው ይመስለው ነበር። ማንበብ ተስኖኛል ብዬ ልነግረው አልፈለግሁም።

አንድ ቀን ቀሚስ ላሳጥር አያ ይመር በረንዳ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፣ አራቅሁት።

«ምን ታሸቺዋለሽ?» አለኝ። «ኮቱ፣ አስካለ፣ ነይ አምጪው።»

መነጽሩን አስተካክሎ ተነሣና ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደ ማንበብ ጀመረ። የጀመረውም ከመጀመሪያው ነው፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየው። ከጎን ሻይ ቤት ያለው ሐሰን አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አያ ይመር፣ መቼ ነው የቀሰስከው?»

«የቄስ ቀሚስ ሰፍቼ አውቃለሁ» አለው ሳይዞር። «ለብሼው ግን አላውቅም። አንተስ ለቄሱ ሻይ ስትቀዳ ትቀስሳለህ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ወደ በረንዳው መሄድ ልማዴ ሆነ። ሁሉንም ያነባል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ይህን ጽሑፍ ለወዳጅዎ ያጋሩ» የምትለዋን እንኳ አይተዋትም። ይህቺን ብትተዋትስ ብለው፣ «ሰውየው ደክሞ ጽፏታል። ሱሪ ስሰፋ አንድ ቦታ ብዘል የት እንደሚተረተር ታውቂያለሽ? መቀመጫው ላይ ነው፤ ያውም ሰው መሀል» አለኝ።

የባዕድ ቃል ሲያጋጥመው እንደ በቅሎ ይቆማል። «ማይ... ክሮ... ባ... ዮም። ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ይላል። ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት መሆናቸውን ከታች ሲያነብ፣ «እንግዲህ ብቻዬን አይደለሁም የምጾመው» ብሎ ሳቀ። አንድ ነገር ካነበበ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠይቃት ጥያቄ ነበረችው፤ «ይህን ያለው አይቶ ነው ሰምቶ?»

ልቡ ውስጥ ባትሪ ስለ ተተከለለት ሰው ያነበበልኝ ዕለት ትዝ ይለኛል። ዲያቆኑ የሰው ፍቅርና እምነት በዚያ በሚመታው ሥጋ ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ቦታ እያለ ይመረምራል። አያ ይመር መሀል ላይ ቆመ።

«ባትሪው ደከም ሲል ጸሎቱም ይደክማል?»

«ጸሎት የሥጋ ልብ ሥራ አይደለም» አልኩት።

«ይህን ያልሽው አይተሽ ነው ሰምተሽ?»

«ሰምቼ።»

«እኔም የማውቀውን ሰምቼ ነው። እኩል ነን» አለና ንባቡን ካቆመበት ቀጠለ።

ሌላ ጊዜ የጠየቁትን ሁሉ ስለሚመልስ ኮምፒውተር መጣ። ጸሐፊው፣ ሰው ኃጢአቱን ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ቢናገር ንስሐ ይባላልን ብሎ ይጠይቃል። አያ ይመር የስፌት መኪናውን በእጁ ጠበጠበና፣ «ይቺን ስሰድባት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አፉ በይኝ ብላት ትመልስልኝ ይሆን?» አለ። ሐሰን ከሻይ ቤቱ ሆኖ፣ «እሷስ አፉ ትልሃለች፤ ደንበኞችህ ናቸው አፉ የማይሉህ» ብሎ መለሰለት። እንዲህ እንዲህ እያልን ነበር የምንውለው። የእኔ ሃይማኖት የሱ አልሆነም፣ የሱም የእኔ አልሆነም፤ ለማድረግ የሞከረም የለም።

ሁዳዴና ረመዳን በተገጣጠሙበት ዓመት ሁለታችንም ጾመኛ ነበርን። ሁለታችንም ነገር ይከብደን ነበር። ከጨፋ ሜዳ የሚመጣው ሙቀት በረንዳውን እንደ ምድጃ አድርጎታል። የዚያን ቀን የመጣው ጽሑፍ የዓይን ጠብታ ጾም ይሽራል ወይ የሚል ነው። አያ ይመር እንደ ልማዱ እየተንጎራደደ ጀመረ። ዓይን አፍ አይደለም፣ ጠብታም ምግብ አይደለም ይላል ዲያቆኑ። ጠብ ካደረጉ በኋላ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ማዕዘን በጣት ጫን አድርገው ቢይዙት መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ አይወርድም ይላል። በተለይ የዓይን ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፤ ይህ በሽታ ሳያም ሳያሳክክ ነው የሚያጠፋው፣ የጠፋውም አይመለስም ይላል።

አያ ይመር ቆመ። የባዕድ ቃል ሳይገጥመው፣ ጥያቄም ሳያነሳ ሲቆም ያየሁት ያኔ ነው። ሳልጠይቀው የመጨረሻውን ደገመው።

«ይሄ ለናንተ ነው» አለ ቀጥሎ።

«ለዓይን ነው የሚለው» አልኩት።

«ዲያቆንሽ የኛን ጾም አያውቀውም። ምራቁን የሚጠነቀቅ ሰው መራራ ነገር ጉሮሮው ድረስ ሲወርድ እያወቀ...» ብሎ ጀመረ። ስልኩን መለሰልኝ። ካውያውን አነሳ፤ ካውያው ግን ገና አልጋለም ነበር።

መራራ መሆኑን እንዴት አወቀ? ይህ ነገር ቤቴ ገብቼም አላስቀመጠኝም። በማግስቱ ዘሃራን ገበያ አገኘኋትና ጠየቅኋት። ዙሪያዋን አየችና ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«የዓይን ግፊት ነው አሉት ደሴ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ጠብ አድርግ አሉት። በረመዳን ቀን አያደርግም። ሱሑር ላይ፣ ሳይነጋ አድርገው ስለው ምሬቱ እስከ ረፋድ ጉሮሮዬ ላይ ይቆያል ይላል። ደግሞ ረመዳን ብቻ መሰለሽ? ሰኞና ሐሙስ ይጾማል። ረጀብን ይጾማል፣ ሻዕባንን ይጾማል። ታዲያ መድኃኒቱ መቼ ይግባ? ግራው ጠፍቷል እኮ፣ አስካለ። ለሰው አይናገርም እንጂ። ቀኙ ነው የቀረው።»

«ሼሁን ለምን አይጠይቅም?»

«አልኩት። ‹ጾሜን አቅልሉልኝ ብዬ ደጅ ልጥና?› አለኝ። እኔ ስናገር ደግሞ ‹ሙፍቲ ሆንሽ እንዴ?› ይላል።»

ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታውን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በሩን ዘግቼው እንደሆነ አየሁ፤ ዘግቼዋለሁ።

ዓመቱ ሲገፋ ንባቡ እየተለወጠ መጣ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት «ለወዳጅዎ ያጋሩ» መቅረቷን ነው። ቀጥሎ የባዕድ ቃል ጠፋ። እንደ በቅሎ መቆም ቀረ፤ ንባቡ እንደ ቦርከና ወንዝ ውሃ ይፈስስ ጀመር። ለደንበኞቹም «ክሩን አንቺ አስገቢልኝ፣ ጸሐዩ አስቸገረኝ» ይላል፤ በደመና ቀን። አንድ ዕለት ደግሞ ስለ እንስሳት ሕክምና ያነብልኝ ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጽፈው ዲያቆን፣ ባቲ ገበያ ላይ አንድ አፋር የግመሊቱን ዓይን እንዴት ገልጦ እንዳሳየ፣ ግመሏም በየት በኩል እንደምታነክስ አሳምሮ ያውቃል። ያን ጊዜ ገባኝ። አያ ይመር ማንበብ አቁሟል። ከራሱ እየተናገረ ነበር።

ሁለታችን ከአንድ ስልክ ፊት ቆመናል፤ አንዳችንም የተጻፈውን አናይም። ጽሑፉ ሲያልቅ እንደ ሁልጊዜው «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ወጥቼ ስሄድ ግን እግሬ አልታዘዘኝም፤ መንገድ ተሻግሬ ተመልሼ መጣሁና፣ ስለ አየሩ ተናግሬ ሄድኩ።

ረመዳን ሲቃረብ ሌላ ጽሑፍ መጣ። አያ ይመር ስልኩን ተቀበለኝ። አልተንጎራደደም። ምሰሶውን ተደግፎ፣ «ዛሬ ጥያቄና መልስ ነው» አለ።

«አንብበው።»

«ጠያቂው አንድ ሸማኔ ነው። እንዲህ ይላል። ‹አንድ ዓይኔ ሄዷል። ሁለተኛውም መንገድ ጀምሯል። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ጾም ሽሬ አላውቅም። መድኃኒቱ ጉሮሮዬን ይመርረዋል። ጾሜን ብይዝ ዓይኔ ይሄዳል፤ ዓይኔን ብይዝ ጾሜን የነካሁት ይመስለኛል። ዓይኔ ከሄደ ደግሞ ሥራዬም ይሄዳል፣ ሌላም የምወደው ነገር ይሄዳል። ሰው ብጠይቅ ሰበብ ፈላጊ እባላለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?› ይላል።»

ሐሰን ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲያጋጭ ይሰማል።

«መልሱስ ምን ይላል?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ስልኩ አደረገ።

«መልሱ አልመጣም» አለ። «ነገ ይላካል ነው የሚለው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሼሁ ሄድኩ። የከሚሴ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከደጃቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጠላዬን በራሴ ላይ ሳብኩ።

«አካም ቡልቴ?» አሉኝ። «እንዴት አደርሽ? ተኢ፣ ተቀመጪ።»

መቀመጥ አልቻልኩም። ቆሜ ነገርኳቸው፤ የሸማኔውን ጥያቄ፣ እንደ ሰማሁት።

«ይመር ነው?» አሉ።

«ስም አልጠራሁም።»

«እኔም አልሰማሁም» አሉና ጺማቸውን ያዙ። «ሰበብ ፈላጊ እባላለሁ አለ? አይ ኩራት! አላህ የሚወድለትን ማቅለያ ሰው አልፈልግም ሲል እሱም ኩራት ነው።»

ይህንኑ በስልኬ እንዲናገሩልኝ ለመንኳቸው። ለልጄ መልእክት የምልከው በድምፅ ስለሆነ ቁልፏን ጣቴ ያውቃታል።

«ምን ብዬ ልጀምር?»

«‹ጠያቂያችን› ብለው ይጀምሩ።»

ሳቁ። ቀጥለው ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው የጁምዓ ንግግር እንደሚያደርጉ ሁሉ ተናገሩ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ስደርስ አያ ይመር ጨርቅ በእጁ ይዳስሳል።

«መልሱ መጣ» አልኩት። «በድምፅ ነው የላኩልን።»

እጁ ቆመ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተጫንኩት።

«ቢስሚላህ። ጠያቂያችን ሆይ፣ ዓይን ወደ ሆድ የሚወስድ በር አይደለም። ዑለማዎች በዚህ የተለያየ ተናግረዋል፤ እኔ የያዝኩት ግን ጠብታ ጾም አይሽርም የሚለውን ነው። ልብህ እምቢ ካለህ ደግሞ በሽተኛ ነህና ብላ፣ ኋላ የበላህበትን ቀን ጾመህ ቀዷውን ታወጣለህ። ዓይንህ አማና ነው፤ ያንተ አይደለም። የአላህን አደራ እያጠፉ ጾምኩ ማለት የለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።»

አያ ይመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ትከሻው ምሰሶውን መታው፤ ምሰሶውን አላየውም።

«አስካለ» አለኝ።

«አቤት።»

«የዲያቆንሽ ድምፅ ሼሁን ይመስላል።»

«ይመስላል» አልኩት።

«ይህን ያለው አይቶ ነው ሰምቶ?»

«ሰምቶ ነው።»

«ከማን?»

«ከአንድ ሸማኔ።»

ስልኩን በእጁ አንስቶ አቀበለኝና ስፌት መኪናው ጋ ተቀመጠ። እግሩ መርገጫው ላይ ነበር፤ አልረገጠውም። ይሰማኝ አይሰማኝ አላወቅሁም፤ ረመዳን እስኪገባ ድረስም አላወቅሁም። በገባ በሦስተኛው ቀን ዘሃራ ቤቴ ድረስ መጣች። አልገባም ብላ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አደረገ» አለችኝ። «በቀትር። በሩን ዘግቶ አደረገ። የዓይኑን ማዕዘን በጣቱ ይዞ ቁርኣን እየቀራ አገኘሁት።» ይህን ብላ ሄደች።

ዘግይቷል። ደሴ ያለው ሐኪም የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ያዝ ብሎታል። የቀረው ምን ያህል እንደሆነ አንድ ቀን እሱ ራሱ ነገረኝ። «በመርፌ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው፤ ጉም በሞላበት። ብርሃንና ሰው አይበታለሁ፣ ፊደል አላይበትም።» ስለ ንባቡ ግን አልተነጋገርንም። ጽሑፍ ሲመጣ ስልኩን አቀብለዋለሁ፣ እሱም ያነብልኛል። አስቸጋሪው ነገር፣ እውነተኛውን ጽሑፍ ማንም ሳያነበው እየተከማቸ መሄዱ ነበር። ልጄ «እንዴት አየሽው?» ሲለኝ አያ ይመር ያለውን እነግረዋለሁ። ልጄም ይገረማል፤ «እኔ እንዲህ አልተረዳሁትም ነበር» ይላል።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ደሴ ሄጄ የአንዱን ዓይኔን ሞራ አስወጣሁ። ሐኪሙ የነገረኝን ያህል ቀን ቤቴ ቆየሁ፤ መቆየቱ ከሕመሙ ይልቅ አስጨነቀኝ። ሲፈቀድልኝ በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ሐሙስ ነበር፤ የጾሙ ቀን። የአያ ይመር ጺም ነጭ መሆኑን ያን ዕለት አየሁ። የምሰሶው ቀለም ተልጧል። ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ገመድ ተወጥሯል፤ እሱን በእጁ እየነካ ነው የሚንጎራደደው። ስመጣ አንድም ቀን ስለ ገመዱ አላወቅሁም ነበር።

ሰላምታ ተለዋወጥን። እንኳን ለዚህ አበቃሽ አለኝ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«አምጪው እንጂ» አለ እጁን ዘርግቶ።

ሰጠሁት። ገመዱን ይዞ ተነሣ። ስልኩ ፊቱ ላይ ያበራል። አጠገቡ ቆሜ ስለነበር የተጻፈውን አየሁት። የልጄ ጽሑፍ አልነበረም። የሳምንት የኢንተርኔት ጥቅል ይግዙ የሚል ማስታወቂያ ነው።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ጀመረ አያ ይመር። «ዛሬ የምንጽፈው ዓይናቸው ስለ በራላቸው ሰዎች ነው። ዓይኑ የበራለት ሰው መጀመሪያ ፀሐይን እንዳያይ ሐኪሞች ይመክራሉ። ቀጥሎም የድሮ ወዳጆቹን ፊት ትኩር ብሎ እንዳያይ፤ አርጅተዋልና ይደነግጣል። ማየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሐኪም እጅ ይመጣል፣ ሌላው ከአላህ...» ቆም አለ። «...ከእግዚአብሔር ነው። የመጀመሪያውን ያገኘው ሁለተኛውን እንዳይጥል። የመጀመሪያውን ያጣውም በሁለተኛው ይጽናና። ደግሞ መድኃኒቱን አያቋርጥ።» ሄደ፣ ተመለሰ። «ይህን ጽሑፍ ለወዳጅዎ ያጋሩ።»

ከቀረች የቆየችውን መስመር መልሶ አመጣት። ስልኩን ግን አልመለሰልኝም።

«አሁን ታያለሽ አሉኝ» አለ።

«አያለሁ።»

«ፊደልም?»

«ፊደልም።»

ሐሰን ከሻይ ቤቱ ብቅ ብሎ ነበር፤ ተመልሶ ገባ።

«እና?» አለኝ አያ ይመር።

«አንድም መስመር አልዘለልክም» አልኩት።

ስልኩን አቀበለኝ። ከመስጂዱ የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። ከኮቱ ኪስ ትንሿን ብልቃጥ አወጣ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጣለ፣ ጠብ አደረገ።

«ገባ?»

«ጉንጭህ ላይ ነው። ወደ ላይ አድርገው።»

እንደገና ጠብ አደረገ።

«አሁንስ?»

«ገባ።»

የዓይኑን ማዕዘን በጣቱ ጫን ብሎ ያዘና፣ አዛኑ እስኪያልቅ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ቆመ።